ያሸነፈ ይቀመጣል

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ትተኛለች። ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ ባጃጆች ከኒም ዛፎች ሥር ይደረደራሉ፣ ሾፌሮቻቸው እግራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ያንኮራፋሉ፣ ቁራ እንኳ አፉን ከፍቶ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። አቶ ይገረሙ ቢሻው ሥራ የሚገቡት በዚያ ሰዓት ነበር። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በምድር ባቡር የስልክና የሲግናል ክፍል ሠርተው ጡረታ ወጡ፣ ከዚያ ወዲህ ራዲዮ ሲጠግኑ ኖሩ። ከነቃ ሰው ጋር መሥራት አይወዱም። የነቃ ሰው ያወራል፤ የሚያወራው ደግሞ አይረባም።

የሥራ ቦታቸው ለገሀሬ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ የድሮ የዕቃ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የመስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያ ሙቀቱን እንዳያስገባ ተዘግቶ ስለሚውል፣ ውጭ ፀሐይ ድንጋይ ስትሰነጥቅ ውስጡ ድንግዝግዝ ነው፤ በስንጥቁ የገባው ብርሃን እንደ ክር ወለሉ ላይ ይዘረጋል፣ የጋለው ቆርቆሮ ከላይ ቋ ቋ ይላል፣ ዘይት የጠጣው አሮጌ ጣውላ ይሸታል። አቶ ይገረሙ ከዘራቸውን በሩ አጠገብ ያስደግፋሉ፣ ግራጫ ጋዋናቸውን ይለብሳሉ፣ መበየጃቸውን ይሰካሉ፣ ካቻቢቴዎቻቸውን በቁመት ይደረድራሉ። ከዚያ ረጅሙን ጠረጴዛ ያዩና ይተፋሉ። በእውነት አይተፉም፤ ወለሉ የመንግሥት ነው። በሆዳቸው ይተፋሉ።

ጠረጴዛው ላይ ሰባት የቪዲዮ ጌም ማሽኖች በዕድሜያቸው ተሰልፈዋል። አንደኛዋ የእንጨት ቀለም የተቀባች ሣጥን ናት። ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ነጭ መስመርና አንድ ነጥብ ከማሳየት ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። መስመሮቹ እንደ ራዲዮ ድምፅ መቀነሻ በሚዞር ቁልፍ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ፣ ነጥቧን ይመልሳሉ፤ ያመለጠችው ይቆጠርበታል፤ አሥራ አምስት የሞላለት ያሸንፋል። በቃ። ከእሷ ቀጥሎ ካሴት የሚጎርሱት አሉ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ሲዲ የሚያሽከረክሩት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፂም ያለው፣ ሲሮጥ የሚያልበው ሰው የሚያሳየው ጥቁር ማሽን። ከበላያቸው ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ «ከነጥብ እስከ ሰው፦ የቪዲዮ ጌም ታሪክ» ይላል።

«ሃምሳ ዓመት ደክመው ሰው ሠሩ?» አሉ አቶ ይገረሙ በመጀመሪያው ቀን። «ሰው እኮ በየመንገዱ ሞልቷል። በነጻ ይታያል።»

ሀምዲያ ሳቀች። ኤግዚቢሽኑን የምታዘጋጀው እሷ ናት። ማሽኖቹ የሟቹ አጎቷ የአብዱልናስር ነበሩ፤ አብዱልናስር መጋላ ሠፈር ውስጥ አርባ ዓመት ጌም ቤት የነበረው፣ አንደኛዋን ማሽን ፍራሽ ውስጥ ሰፍቶ ከጅቡቲ በባቡር ያስገባ ሰው ነው።

«አንተ ካልነካኻቸው አይነሱም ጋሼ። ቅዳሜ እንከፍታለን። ሁለቱም ጆይስቲክ መሥራት አለበት፤ ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚጫወተው።»

አንተ! በድሬ ሕፃኑም ሽማግሌውም አንተ ነው። አርባ ሰባት ዓመት ኖረውበት አልለመዱትም።

«ይኼስ ምንድን ነው?» አሉ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠውን አግዳሚ በከዘራቸው ነካ አድርገው።

ከጌም ቤቱ የመጣ ባለመደገፊያ አግዳሚ ነው፤ ሁለት ሰው ይይዛል። እግሮቹ ወደ መሀል ስለተጠጉ አንድ ሰው ጫፉ ላይ ብቻውን ከተቀመጠ ይንጋደዳል፤ ሁለት ሰው ሲቀመጥበት ብቻ ነው የሚስተካከለው። መደገፊያው ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ «ያሸነፈ ይቀመጣል። የተሸነፈ ይነሳል። ሳያልቅ መንቀል የለም።»

«የአጎቴ ሕግ ነው» አለች ሀምዲያ። «እሱ ቤት የተሸነፈ ተነስቶ ይወጣል፤ ያሸነፈ እዚያው ሆኖ ተረኛውን ይጠብቃል። ቀኑን ሙሉ ካሸነፍክ ቀኑን ሙሉ ትቀመጣለህ።»

«ታዲያ ብልጡ ተሸናፊው ነዋ» አሉ አቶ ይገረሙ። «ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

ሥራውን የተቀበሉት ለልጃቸው ለትርሲት ሲሉ ነው። ትርሲት ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ አንዱን ሳምንት ጋላፊ፣ አንዱን ሳምንት ጅቡቲ ነው። «ቤት ተቀምጠው ዝንብ ከሚገስጹ ወጣ ይበሉ፣ አባዬ» አለቻቸው። እሷ አንቱ ትላቸዋለች፤ እንዲያ ነው ያሳደጓት። እናቷ የሞተችባት በዘጠኝ ዓመቷ ነው። በቀብሩ ቀን እጇን ይዘው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ይዘውት አያውቁም። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ እንዴት ተደርጎ እንደሚጀመር ስለጠፋባቸው ነው። አሁን የከሰዓቱ ነጸብራቅ ዓይናቸውን ስለሚያጠፋው በየቀኑ በአሥር ሰዓት ሆዷን ይዛ ትመጣና በሩ ላይ ቆማ ክንዷን ትዘረጋለች። እሳቸውም በየቀኑ «ከዘራ አለኝ» ይላሉ። ቤት ግን ከአልጋቸው ሥር፣ በጆንያ ተሸፍኖ፣ ከራዲዮ ሣጥን እንጨት የሠሩት የሕፃን አልጋ አለ። ማንም አያውቅም። በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ነገር ቢኖር ያንን ሕፃን ማቀፍ ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልተናገሩም።

ሰኞ አንደኛዋን ማሽን ፈቷት። ውስጧ አንድ የደረቀ በረሮና የአርባ ዓመት አቧራ ነበር። ጠረጉ፣ በየዱ፣ ሰኩ። አሮጌው ቴሌቪዥን እንደ ንብ ቀፎ እም አለ፤ የተቃጠለ አቧራ ሸተተ፤ ሁለቱ መስመሮች ብቅ አሉ። አግዳሚው ግራ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የግራውን ቁልፍ አዞሩ። መስመራቸው ወጣ፣ ወረደ። ደህና። የቀኙ ቁልፍ አግዳሚው ላይ፣ ከአጠገባቸው፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። ነጥቧ ወደ ቀኝ ሄደች። የቀኙ መስመር ቀስ ብሎ ከፍ አለና መለሳት።

«የላላ ሽቦ» አሉ።

ነጥቧ ስትመጣባቸው እጃቸው ሳያዝዙት መለሰ። የቀኙ መስመር መጣ፣ ደረሰ፣ ከዚያ አንዲት ጣት ታህል ዝቅ አለና አሳለፋት። አንድ ለዜሮ። እንደገና ሁለት፤ እንደገና ሦስት።

«በማሽንነትህም ሰነፍ ነህ» አሉና ሳያልቅ ሶኬቱን ነቀሉ። የአብዱልናስርን ሕግ እያነበቡ ነው የነቀሉት፤ ደስም አላቸው።

ሊነሱ ሲሉ ግን አንድ ነገር ልብ አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጫፉ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አግዳሚው አልተንጋደደም። እንደ ውኃ ልክ ተስተካክሎ ነበር። ጎንበስ ብለው እግሮቹን አዩ። ወለሉ ይሆናል አሉ፤ የዛሬ ግንበኛ እንኳን ወለል የገዛ ጫማውን አያስተካክልም። ወለሉ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ መሆኑ ትዝ ያላቸው ቤት ከደረሱ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ወደ ካሴቶቹ አለፉ። የጌም ቤት ልጅ ሁሉ ካሴት እምቢ ሲል አውጥቶ አፉ ላይ እፍ ብሎ ይመልሰዋል። ምራቅ ብረት ያዝጋል። አቶ ይገረሙ በጥጥና በአልኮል ነው የሚጠርጉት፣ እንደ ሰው። አንገታቸውን ደፍተው አንዱን ካሴት ሲጠርጉ፣ ከቀኛቸው፣ ከጆሯቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አጭር፣ የለመደ ትንፋሽ ሰሙ፦ እፍ። የጥጡ ጫፍ ተንቀሳቀሰ።

ዞር አሉ። አግዳሚው፣ ጠረጴዛው፣ በስንጥቁ የገባው ብርሃን። የብርሃኑ ክር ውስጥ አቧራው እየተሽከረከረ ነበር፤ አንድ ሰው ገና አሁን እንዳለፈበት።

ማሽኑን ሰኩ። ሌላ ማሽን፣ ሌላ አገር የተሠራ፣ ሌላ ጨዋታ፤ ከጡብ የተገነቡ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች በመረብ ግራና ቀኝ ቆመው ኳስ ይቀባበላሉ። ከላይ የተጻፈው ቁጥር ግን በዜሮ አልጀመረም። ሦስት ለዜሮ ይላል።

አቶ ይገረሙ ዕድሜያቸውን ከሽቦ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ኤሌክትሪክ ቂም እንደማይዝ ያውቃሉ፤ ከተነቀለ ተነቀለ። ከሳጥን ወደ ሳጥን የሄደ ሽቦም የለም። ተነስተው መውጣት ይችሉ ነበር። ግን ኳሷ መጣች፤ ከአንዲት ኳስ የሚሸሽ ሰው ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው? መለሷት። በቀኝ በኩል ያለው የጡብ ሰው እየሮጠ ደረሰና፣ እጁን ሊሰነዝር ሲል፣ ሰበሰበው። አራት። አምስት። አላዋቂ አይደለም፤ አላዋቂ እንዲህ አይሸነፍም። ጌታው ፊት ሆን ብሎ እንደሚሰናከል ሎሌ ነበር የሚሸነፈው። አቶ ይገረሙ ከሌባ ይልቅ ሎሌ ይንቃሉ። ሰባት ሲሞላ ነቀሉት።

ረቡዕ ሀምዲያ ቀዝቃዛ ውኃ ይዛ መጣች። ሥራው ሲጀመር ያልነበረ ወሬ ጀመረች።

«አጎቴ ጨካኝ ነበር፣ ታውቃለህ? ሚስቱ ላይ በር የሚዘጋ ሰው። ከጌም ቤት አይወጣም፤ ደንበኛ ሲጠፋ ብቻውን ይጫወታል። ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን፣ እንዲህ ከቀትር በኋላ፣ ወደ ቤት መጣ። ደግ ሆኖ መጣ።»

«ደግ መሆን ደግሞ በሽታ ሆነ?»

«ስማኝ እንጂ ጋሼ! የሚስቱን እጅ ስሞ ገባ። በነጋታው ጌም ቤቱን ዘጋ። ቴሌቪዥን ካለበት ቤት አይገባም። ሠፈሩ ሁሉ ወደደው። አክስቴ ብቻ 'ይኼ ባሌ አይደለም' እያለች አለቀሰች። ሳቅንባት፤ ምን ጎደለብሽ አልናት። አሥር ወር ኖሮ ሞተ። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ግን ጫማውን ግራና ቀኙን እያሳሳተ ነበር የሚያደርገው።»

«አክስትሽ ሥራ ፈታ ነው» አሉ አቶ ይገረሙ። ሀምዲያ ስትሄድ ግን ጫማቸውን አዩ። ለምን እንዳዩት አላወቁም።

የዚያን ቀን ሲዲ የሚያዞረውን አስነሱ። ሰባት ለዜሮ ነበር የጀመረው። ተቀናቃኙ አሁን እጅና እግሩ የተለየ ሰው ሆኗል፤ ፊቱ ግን ዓይንና አፍ ያልተሠራለት ልሙጥ ቆዳ ነው። በዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አይችሉም ነበር ብለው ናቁት። ያልናቁት አንድ ነገር ቢኖር አቋቋሙን ነው። ከኳሱ ይልቅ ወደ እሳቸው ዞሮ ነበር የቆመው፤ አግብተውበት ሲዘል፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ ያ ዓይን የሌለው ፊት ከቴሌቪዥኑ መስተዋት ውጭ ወዳለው ወደ እሳቸው እንደዞረ ነው። የሲዲው ሽክርክሪት ሲዝ ይላል፤ በሽክርክሪቱ ሥር ደግሞ፣ ከቀኛቸው፣ ቀስ ያለ አተነፋፈስ ይሰማል። የራሳቸውን ትንፋሽ ያዙ። ያኛውም ያዘ። አሥራ አንድ ለዜሮ።

በአሥር ሰዓት ትርሲት በሩን ገፋ አደረገችና ከውጭው ብርሃን ወደ ውስጥ እያጨነቆረች ቆመች።

«እንግዳ አለ እንዴ?» አለች።

«የምን እንግዳ?»

«አግዳሚው ላይ ሁለት ሰው የተቀመጠ መሰለኝ።» ሳቀች። «እርጉዝ ሁሉንም ነገር ሁለት ነው የምታየው ማለት ነው።» ክንዷን ዘረጋች።

«ከዘራ አለኝ» አሉ።

ሐሙስ የመጨረሻውን ጥቁር ማሽን ሰኩ። የሚያልበው ባለ ፂም ሰውዬ መምጣት ነበረበት፤ ሣጥኑ ላይ ያለው ሥዕል እሱ ነው። የመጣው ግን ጀርባውን የሰጠ ሽማግሌ ነበር። ግራጫ ጋዋን ለብሷል። የጋዋኑ ቀኝ ኪስ፣ ባለፈው ዓመት መበየጃ ያቃጠለው ቦታ ላይ፣ በጥቁር ክር ተሰፍቷል። ከእሱ ወዲያ በር ይታያል፤ በሩ አጠገብ ከዘራ ተደግፏል። አቶ ይገረሙ ጆይስቲኩን የያዙት እጃቸው ሲያልበው ተሰማቸው። ላቡ ቴሌቪዥኑ ላይ ባለው በሽማግሌው እጅም ታየ።

«ደንቆሮ» አሉት። «ሃምሳ ዓመት ለፍተህ የኔን ጋዋን ሠራህ?»

ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ደረቅ ነበር፤ ለራሳቸው እንኳ አሳመናቸው። ሦስት አገቡበት። ሲያገቡበት ሽማግሌው አይበሳጭም፤ አንገቱን ብቻ ነቅነቅ ያደርጋል፣ ልክ ትክክለኛውን ሽቦ እንዳገኘ ሠራተኛ። አሥራ አራት ለዜሮ ሲሆን ጀርባውን ሰጥቶ እንደቆመ ፊቱን ማዞር ጀመረ፤ ጆሮው ታየ፣ ጉንጩ ታየ። አቶ ይገረሙ ሶኬቱን በሽቦው ይዘው ጎተቱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሶኬትን በሽቦው የጎተተ ሰው ሲሰድቡ የኖሩ ናቸው።

ያን ሌሊት ትርሲት ምጥ መሰል ነገር ጀመራትና ቆመ። አዋላጇ እሑድ ነው አለች። አቶ ይገረሙ በበሩ ስንጥቅ ሲያዳምጡ አድረው አንድ ነገር ወሰኑ። ነገ ስትመጣ ክንዷን ይይዛሉ። መንገድ ላይ ስለ ሕፃኑ አልጋ ይነግሯታል። ስንት ቃል ነው? «ከአልጋዬ ሥር ነው» ማለት ብቻ ነው። ጎህ እስኪቀድ አጠኑት።

ዓርብ ማሽኖቹ ሁሉ አልቀው ነበር። ሀምዲያ ስልክ ደወለች። «ጋሼ፣ እንግዶቹ መጀመሪያ የሚያዩት አንደኛዋን ስለሆነ እሷን አብርተህ ተዋት። ነጥቧ ስትሄድ ስትመጣ ይዩ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ከተማው ተኝቷል። ቁራ የለም፣ ባጃጅ የለም፤ ቆርቆሮው እንኳ ጸጥ ብሏል። አንደኛዋን ሰኩ። ቴሌቪዥኑ እም አለ። ሁለት መስመር፣ አንድ ነጥብ፣ ከላይ አሥራ አራት ለዜሮ። ማብራት ብቻ ነው የተባሉት። አብርተው በሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን መጠበቅ ይችሉ ነበር።

ነጥቧ መሀል ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ይህች ማሽን ነጥብ ማቆም አትችልም፤ ውስጧን ያውቁታል።

ጨዋታ አይደለም ያስቀመጣቸው። ንቀት ነው። አንድ ነጥብ ቀርቶ መነሳት ያንን ሎሌ እንደመፍራት ሆኖ ታያቸው። ነገ ጥርሳም ጎረምሳ ሁሉ መጥቶ የሳቸውን አሥራ አራት ሊያይ ነው። ይጨርሱትና ይውጡ፤ ከትርሲት ጋር ይሂዱ። ተቀመጡ። አግዳሚው አልተንጋደደም። አሁን ወደ ቀኝ አላዩም፤ ግን የላብና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ መጣባቸው፤ ቀኝ ጭናቸው አጠገብ የሌላ ጭን ሙቀት ነበር።

ነጥቧ መጣች። መለሱ። የቀኙ መስመር መለሰ። ሄደች፣ መጣች፤ ጡክ፣ ጡክ፣ እንደ ልብ። ከውጭ የትርሲት ነጠላ ጫማ ጠጠሩን ሲጎትት ሰሙ። ቸኮሉ። ቁልፉን አዙረው ነጥቧን ወደ ጥጉ ላኳት። የቀኙ መስመር ተከትሏት ሄደ፣ ደረሰባት፣ ቆመ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ለእንግዳ በር እንደሚለቅ ሰው፣ ገለል አለ።

አሥራ አምስት።

ከቀኛቸው አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። አግዳሚው ሲጥ አለ፤ የቀኙ ጫፍ ክብደቱ ተነስቶለት ወደ ላይ ወጣ፣ የሳቸው ጫፍ ወደ ታች ወረደ። የእግር ኮቴ ወለሉ ላይ ሄደ፤ መጀመሪያ ተወላገደ፣ ቀጥሎ ለመደ። የጋዋን ጨርቅ ሲንሸዋሸው ሰሙ። ከዘራቸው ከግድግዳው ሲነሳ ሰሙ፤ ጫፉን ድንጋዩ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ የሚያደርጉት እሳቸው ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። በሩ ተከፈተ።

«አባዬ፣ ጨረሱ?»

«ጨረስኩ» አለ የሳቸው ድምፅ፣ ደረቁ፣ የታወቀው። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ «እጅሽን ስጪኝ፣ ልጄ።»

ትርሲት እጇን ሰጠች። ስትናገር ድምጿ ውስጥ ሳቅም እንባም ነበር። «ዛሬ ምን ተገኘ? ከዘራው ምን ሆነ?»

«ለሕፃኑ አልጋ ሠርቼለታለሁ። ከአልጋዬ ሥር ነው። ቀስ በይ፣ ደረጃ አለ።»

«ጫማዎን አሳስተው አድርገዋል እኮ!» ሳቋ በጠጠሩ ላይ እየራቀ ሄደ።

አቶ ይገረሙ ከመስተዋቱ ጀርባ ስሟን ሊጠሩ አፋቸውን ፈለጉ፣ ከተከፈተው በር ከሚገባው ብርሃን ለመድረስ ባለ በሌለ ኃይላቸው ተነሱ፤ ግን መሄድ የቻሉት ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነበር።